ሙሄ በሌለበት ረቡዕ

ከመብራት ኃይል ወጣን፣ ሰዓቱ አሥራ ሁለት፤
አራት ሰው፣ አንድ ጃንጥላ፣ እሱም ሽቦው የወጣበት።
የሐምሌ ጉም ከጦሳ ወርዶ ፒያሳን ጎርሷል፤
እኛ ሳንቀመጥ እሱ እራቱን በልቷል።

«የት እንብላ?» አለ ይመር፣ እጁን እያሻሸ፤
ጥያቄው ይኸው ነው፤ መልሱ ግን ሸሸ።

መስቀል ያለበት ሥጋ ቤት በሩን ዘግቶ ቆየኝ፤
«ረቡዕ መሆኑን ረሳህ?» ፋንታዬ ገሠጸችኝ።
ጦይባ መስቀሉን ቀና ብላ አየች፤
«ረቡዕስ ባይሆን፣ እኔስ?» ብላ ሳቀች።

ሸዋ በር አለ ደግሞ የእነ ሐሊማ ቤት፣
ጥብሱ የሚሸት እስከ ማዶ አስፋልት።
ጦይባ እግሯ ፈጥኗል፣ የኔም ሆድ እሺ ብሏል፤
ፋንታዬ ዝም አለች፤ ዝምታዋ ከዝናቡ በላይ ይሰማል።
ይመር ግድ የለውም፤ አያቱ ሼህ፣ አጎቱ ቄስ፤
እሱን የያዘው የግራ እግሩ ሪህ ነው፣ ሐኪሙም ያለው «ቀይ ሥጋ ይቀነስ»።

ሙጋድ ላይ አዲስ ሆቴል፣ መስታወቱ እንደ ቀለበት፣
ሜኑው በወርቅ ቀለም፣ ፒዛና ላዛኛ ያለበት፤
አስተናጋጁ ክራቫት አስሯል፣ ከሥራ አስኪያጃችን በላይ፤
እኔ ያነበብኩት የቀኙን ጎን ነው፣ ዋጋ ዋጋውን፣ የምግቡን ስም ሳላይ።
ወሩ ገና ሃያ ሦስት ነው።
ይመር ኪሱን ዳበሰ፤ ኪሱም መልሶ ዳበሰው።

ቧንቧ ውሃ ያለውን ማንም ሳይናገር ጣለው፤
አለቃው እዚያ ያመሻል፤ ሒሳባችንን ከከፈለ ቅዳሜያችን የሱ ነው።
ሰኞ ገበያ ታች፣ ሽሮዋ የተመሰገነች ሴት አለች፤
ፋንታዬ ግን ባለፈው ወር በአሥር ብር መልስ ተጣልታታለች።
መናኸሪያ ፉል ነበረ፤ ፉል የጠዋት ነው ተባለ፤
ማን እንዳለው አላውቅም፣ ጭንቅላት ሁሉ እሺ አለ።

ስንወጣ፣ ስንወርድ፣ አንድ ሰዓት አለፈ፤
ጃንጥላው ተገለበጠ፣ ካልሲያችን ውሃ አተረፈ።

እውነቱን ለመናገር፣ ቤት አይደለም ያጣን።
ሙሄ ነበር የሚመርጥልን።

መረጠ ማለትም ይከብዳል፤ ማንን አማክሮ?
ፊት ፊት ይሄዳል እንጂ፣ ለእርቅ እንደተላከ ሽማግሌ እጁን ከኋላው አጣምሮ፤
ከአንዱ በር እልም ይላል፤ ተከትለን ስንገባ
እጁን ታጥቦ፣ ለሁላችን አዝዞ እናገኘዋለን፣ ጉም ትከሻው ላይ እንደ ካባ።
ረቡዑም ይያዛል፣ ሪሁም ይከበራል፤
ይህ ነገር ሥራ መሆኑን ማን ያስተውላል?

በሚያዝያ ተዛወረ ሎጊያ፣ ትራንስፎርመር ሊጠብቅ፣
ከጉም አገር ወደ ፀሐይ አገር፣ ድንጋይ ላብ ወደሚያፈልቅ።

ጦይባ ስልኳን አወጣች፣ ድምፁን ለሁላችን ከፈተች፤
«ሙሄ፣ የት እንብላ?» አለች። ሰላምታውን እንኳ ዘለለች።
«ዝናብ አለ?» አለ፣ ትንሽ ዝም ብሎ።
«ኧረ ወንዝ ነው ወላሂ፣ ከሰማይ ተንጠልጥሎ!»
«እንግዲያው ምን ትመርጣላችሁ? የሚቀርባችሁ ጣራ ስር ግቡ»
አለና ከሎጊያ ሆኖ በጀርባችን ገፋን፤
ከማናውቀው በር ገብተን፣ ካልሲያችንን ጨምቀን አረፍን።

ስም የሌለው ቤት ነው፣ ከጎማ ጠጋኙ ጎን፤
ዘይት ውስጥ ሲፎክር የሐይቅ ቆሮሶ አገኘን።
ዓሣን ባርኮ የሚያርድ፣ ስም የሚጠራበት የለም፤
ጦይባ ተመቻት፤ የይመርም ሪህ አላጉረመረመም።
ፋንታዬ ብቻ «ዓሣ ጾም ነው ወይስ አይደለም?» ብላ ቀረች፤
የንስሐ አባቷ አንድ ነገር፣ እናቷ ሌላ ነግረዋታል፤ በሽሮ ጀመረች፤
በኋላ ጣቷ በየት እንደዞረ እንጃ፣ ክንፉ ጋ ደረሰች።

ጦይባ ልትዘጋው ስትል፣ «ቆይ» አለ ሙሄ፣ «ጠረጴዛው ላይ አድርጊው፤
የናንተን ወሬ አይደለም፤ ቆርቆሮው ላይ ያለውን ልስማው።»
አደረገችው፣ ከሚጥሚጣው ሳህን አጠገብ።
ለአሥራ አንድ ደቂቃ ሎጊያ ላይ ጣለ የደሴ ዝናብ።

ካርዱ አለቀ። ይመር ከዓሣው ራስ ጋር ትግል ገጠመ፤
«ነገስ የት እንበ...» ብሎ ጀመረ፤ እሾህ አገኘና ቆመ።